ለባለታሪኬ የመጡ ሽማግሌዎች

ማክሰኞ ጠዋት ነበር። የኅዳር ውርጭ የጓሮዬን ጎመን አኮማትሮታል። እኔም ጋቢዬን ደርቤ፣ ባንድ እጄ እስክሪብቶ እንደያዝኩ በር ልከፍት ወጣሁ። ሦስት ሽማግሌዎች ደጄ ላይ ተሰልፈው ቆመዋል። ሦስቱም ኩታቸውን አጣፍተው፣ ከዘራቸውን ተመርኩዘው፣ መሬት መሬት ያያሉ።

በእኛ አገር ሦስት ሽማግሌ በጠዋት ደጅ ከቆመ ነገሩ ከሁለት አንዱ ነው። ወይ ሴት ልጅ ሊጠይቁ ነው፣ ወይ የተጣላ ሊያስታርቁ። እኔ ለጋብቻ የምትጠየቅ ልጅ የለችኝም። ጠብ ግን አላጣም፤ አፌ ፈጣን ነው። እዚያው በሩ ላይ ቆሜ በቅርቡ ያስቀየምኩትን ሰው በልቤ ማሰስ ጀመርኩ። በባሕር ዛፍ ቅርንጫፍ የተነታረክነው ጎረቤቴ ታርቆኛል። የዕድራችን ጸሐፊ ሁልጊዜም እንደተቀየመኝ ነው፤ እሱ ግን ኩርፊያውን ስለሚወደው ሽማግሌ አይልክም።

ሦስቱንም አውቃቸዋለሁ። መካከል ላይ የቆሙት ቄስ የእናቴ የንስሐ አባት ናቸው። ሰማንያ ዓመት ሊሞላቸው ምንም አልቀራቸውም፤ ከአንኮበር በመጀመሪያው ሚኒባስ ተሳፍረው መጥተዋል። በቀኛቸው ያሉት በልጅነቴ ያስተማሩኝ፣ ኋላም መምህርት ሆኜ ስቀጠር አለቃዬ የነበሩት ጡረተኛ ርዕሰ መምህር ናቸው። በግራቸው ያሉት ደግሞ ደብረ ብርሃን ገበያ ውስጥ የጨርቃ ጨርቅ ሱቅ ያላቸው የአልዩ አምባው ሐጂ ናቸው። እነዚህ ሦስት ሰዎች አንድ ላይ ሲሄዱ አይቼ አላውቅም።

"ግቡ እንጂ፣ በዚህ ብርድ!" አልኩ።

ገቡ። ወንበር አቀረብኩላቸው። አልተቀመጡም።

"ኧረ ተቀመጡ በእመቤቴ!"

"እሺ ሳትይን አንቀመጥም" አሉ ቄሱ። "እህል ውሃም አንቀምስም።"

ይኼኔ ነገሩ የምር መሆኑ ገባኝ። "ምን አጥፍቼ ነው አባቴ?"

"አንቺ ምንም አላጠፋሽ። ያጠፋው እሱ ነው። ግን ተጸጽቷል።"

"ማን ነው እሱ?"

ሽማግሌዎቹ ተያዩ። ሐጂ ትዕግሥታቸው አለቀ መሰለኝ፣ "ሰውየው ነዋ!" አሉ። "የራዲዮኑ። ድንጋይ ተሸክሞ ደጅ ላይ ያንበረከክሽው!"

ነገሩ እንዲህ ነው። አዲሱ ልብ ወለዴ ገና ሳይታተም በከተማችን ኤፍ ኤም ራዲዮ በየእሑዱ ከሰዓት በኋላ ይተረክ ነበር። ታሪኩ ቀላል ነው። አንዲት የአንኮበር ሴት ባሏ ትቷት ይሄዳል። በደብረ ሲና መንገድ የጭነት መኪና እየነዳ ይከርምና ቆላ ወርዶ ሌላ ጎጆ ይቀልሳል። ዘጠኝ ዓመት ድምፁ አይሰማም። እሷ ገብሷን ትዘራለች፣ ቤቷን ቆርቆሮ ታለብሳለች፣ ልጇን ታስተምራለች። ከዚያ አንድ ቀን ሰውየው ከስቶና አርጅቶ ይመለሳል፤ ሽማግሌም ይልክባታል። ያለፈው እሑድ ክፍል ያበቃው ሽማግሌዎቹ ከቤቷ ገብተው፣ እሱ ደግሞ እንደ አገሩ ወግ ድንጋይ አንገቱ ላይ አድርጎ ደጅ ላይ ተንበርክኮ ሳለ ነው። የቀረው አንድ ክፍል ብቻ ነበር፤ ሐሙስ ለራዲዮ ጣቢያው ማስረከብ አለብኝ። ሴትዮዋም እሺ እንደማትል እኔ አውቃለሁ።

ከእሑድ ወዲህ ከቤት መውጣት ፈተና ሆኖብኝ ነበር። ወፍጮ ቤት ወረፋ ስጠብቅ አንዲት የማላውቃት ሴት ክንዴን ይዛ፣ "አደራሽን፣ አስታርቂያቸው" አለችኝ። በቴሌግራም የሚላክልኝ መልእክት ማብቂያ አልነበረውም። የራዲዮኑ አዘጋጅ ራሱ ደውሎ፣ "አድማጩ ዕርቅ ነው የሚፈልገው፤ ያው አንቺ ታውቂያለሽ" አለኝ። ያው አንቺ ታውቂያለሽ የሚሉት ነገር ምን ማለት እንደሆነ ጠንቅቄ አውቃለሁ። ይህን ሁሉ ለምጄዋለሁ፤ ለልብ ወለድ ሽማግሌ ሲላክ ግን በዕድሜዬ የመጀመሪያዬ ነው።

"ቆይ" አልኳቸው፣ ሳቄን ውጬ። "ሽማግሌ የሚልከው በደለኛው ነው። በደለኛው ደግሞ እኔ ወረቀት ላይ የፈጠርኩት ሰው ነው። እናንተን ማን ላካችሁ?"

"ሕዝብ ነው የላከን" አሉ ርዕሰ መምህሩ፣ የሰንደቅ ዓላማ ሥነ ሥርዓት ላይ ይናገሩበት በነበረው ድምፅ።

"ማኅበራችን ተነጋገረበት" አሉ ቄሱ። "ትናንት በወሩ ዝክር ላይ ሌላ ወሬ አልነበረም። እናንተ ሂዱ ተባልን።"

"እኔ ማኅበርተኛ አይደለሁም" አሉ ሐጂ። "ግን እሑድ ከሰዓት ሱቄ ውስጥ ጨርቅ የሚመርጥ የለም፤ ሁሉም ቆሞ ራዲዮ ነው የሚሰማ። ወላሂ፣ ሰውየው ከልቡ ነው የተጸጸተው። ድምፁን አልሰማሽም? አላህ እንኳ ተውበት ይቀበላል፣ አንቺ ማነሽና!"

"ድምፁ እኮ የተራኪው ነው ሐጂ።"

"ይሁን። እሱም ቢሆን ከልቡ ነው።"

ሌላ ጊዜ ቢሆን ኖሮ እስቅ ነበር። የልብ ወለድ ጸሐፊ ከዚህ የበለጠ ምን ሽልማት ይሰጠዋል? የፈጠርኩት ሰው ሦስት የተከበሩ ሽማግሌዎችን በውርጭ አስነሥቶ አምጥቷል። ግን አልሳቅሁም፤ ምክንያቴን ለመናገር ትንሽ ወደ ኋላ ልመለስ።

የመጀመሪያው መጽሐፌ መጨረሻ ላይ ሁለቱ ፍቅረኞች አይገናኙም ነበር። እኔ የጻፍኩት እንደዚያ ነው። ረቂቁን ያነበበ ሁሉ ግን አዘነ፤ አሳታሚውም አዘነ፤ በመጨረሻ እነሱ ስላዘኑ እኔም አዘንኩ። ሦስት ቀን ቁጭ ብዬ ሠርግ ጻፍኩላቸው። ሚዜው፣ ጭፈራው፣ የሙሽራዋ እናት እንባ፣ ምንም አልጎደለም። መጽሐፉ ተወደደ። ዛሬም ድረስ ገበያ ውስጥ ሴቶች አቅፈው ይስሙኛል፣ ስለዚያች ሠርግ። እኔ ግን ለዚያች ሠርግ አልተጠራሁም። መጽሐፌን ስገልጥ እዚያ ገጽ ላይ ስደርስ የሰው ቤት የገባሁ ይመስለኛል።

አንባቢን ንቄ አይደለም። አንባቢ የማይፈልግ ጸሐፊ ደብዳቤ ጽፎ ኪሱ እንደሚከት ሰው ነው፤ እንዲህ ዓይነቱን ሰው አላምነውም። አንባቢዎቼን እወዳቸዋለሁ፣ ሲወዱኝም ደስ ይለኛል፤ ደስ አይለኝም የሚል ጸሐፊ ይዋሻል። ግን ውሃ ሲወስድ እያሳሳቀ ነው ይባላል። አንድ ጊዜ ወስዶኛል፤ ሁለተኛ አልወሰድም ብያለሁ።

ሌላም ነገር ነበር፤ እሱን ለማንም አልተናገርኩም።

የእኔም አባት ሄዶ ነበር። ሰባት ዓመት ቀርቶ፣ እኔ ዘጠኝ ዓመት ሲሆነኝ ተመለሰ። ሽማግሌ የመጣ ዕለት እናቴ በማለዳ ጎረቤት ቤት ላከችኝና እዚያ ዋልኩ። ስመለስ አባቴ ከምድጃው አጠገብ ተቀምጦ አገኘሁት። ከሽማግሌዎቹ አንዱ እኚሁ ቄስ እንደነበሩ አውቃለሁ። አባቴ ክፉ ሰው አልነበረም፤ እስኪሞት ድረስ እናቴን ክፉ ቃል ተናግሯት አያውቅም። ግን እናቴ ሠላሳ ዓመት ሙሉ ከእሱ ጋር ባንድ ገበታ አልቆረሰችም። የሱን በሌላ ሳህን ታቀርብለታለች፤ እሷ ከእኔ ጋር ትበላለች። ሰው ሲመጣ እንኳ አንድ ምክንያት ፈልጋ ትነሣለች።

ይህን ሁሉ እያየሁ አድጌ በእናቴ ላይ አንድ ቂም ነበረኝ። ለምን እሺ አለች? እንዲህ ልትሆን ለምን ቶሎ እሺ አለች? እናቴ ልበ ለስላሳ ናት፣ ሽማግሌ ስታይ የምትቀልጥ ናት፣ እያልኩ ነው የኖርኩት። ልብ ወለዱን የጀመርኩትም ስለዚህ ነው። እናቴ ያላለችውን እምቢ ባለታሪኬ ትልልኛለች። አሁን እነዚህ ሦስት ሰዎች ቤቴ መካከል ቆመው ያንን እምቢ ሊቀሙኝ ነው፤ ከሦስቱም አንዱ ያኔ እናቴን እሺ ያሰኙት ናቸው።

"አባቶቼ፣ አይሆንም" አልኩ። "ይቅርታ አድርጉልኝ። ሴትዮዋ እሺ አትልም።"

ሽማግሌ ማሳፈር በእኛ ዘንድ ቀላል ነገር አይደለም። እንኳን ሦስቱን፣ አንዱንም ያሳፈረ ሰው ልጁ ሲያገባ ሽማግሌ አያገኝም ይባላል። ርዕሰ መምህሩ ጉሮሯቸውን ጠረጉ።

"ታዲያ ምን ብላ ነው እምቢ የምትል? ጽፈሽዋል?"

ጽፌዋለሁ! ሦስት ወር የለፋሁበት አምስት ገጽ ንግግር ነው። ሴትዮዋ ተነሥታ ለሽማግሌዎቹ ልክ ልካቸውን ትነግራቸዋለች። ስለ ዘጠኝ ዓመቱ፣ ስለ ብቸኝነቷ፣ ይሉኝታ የሚሉት ነገር የስንቱን ሴት ዕድሜ እንደበላ። ጠረጴዛዬ ላይ ነበር፤ ወንበሬን ስቤ ተቀመጥኩና አነበብኩላቸው። ባማረ ድምፅ ነው ያነበብኩት። እነሱ ቆመው አዳመጡ።

ስጨርስ ሐጂ ጫማቸውን ያያሉ። ርዕሰ መምህሩ አንገታቸውን ነቀነቁ።

"ግሩም ንግግር ነው" አሉ። "ለመምህራን ቀን ይሆናል።"

ደሜ ፈላ። ግን የቄሱ ባሰ።

"ልጄ" አሉ በለሆሳስ፣ "ይቺ ሴት አንኮበር አላደገችም።"

እንዲህ ያለ ትችት ደርሶብኝ አያውቅም። ጋዜጣ ላይ ስለ እኔ ብዙ ተብሏል፤ ባለታሪክሽ አገሯን አታውቅም ያለኝ ግን የለም። "እንዴት?" አልኩ፣ ድምፄ ከፍ ብሎ። "የአንኮበር ሴት እምቢ ማለት አትችልም ነው የሚሉኝ?"

"ትችላለች። እንዲህ አድርጋ ግን አትልም። ሽማግሌን በአፏ አትሰድብም። ይህን የተናገርሽው አንቺ ነሽ እንጂ እሷ አይደለችም። እኔን ነው የተናገርሽኝ።"

እውነታቸውን ነበር። ያንን ንግግር ሦስት ወር ሙሉ ስጽፍ ዓይኔ ላይ የነበረው የሳቸው ጥምጥም ነው።

"የአንኮበር ሴት እንዴት እምቢ እንደምትል አይቻለሁ" አሉ ቄሱ። "ባንድ ቤት ብቻ። እናትሽ ቤት።"

"እናቴማ እሺ አለች። አባቴ ገባ እኮ!"

"አባትሽ ገባ። እናትሽ ግን እሺ አላለችም።" ከዘራቸውን በሁለት እጃቸው ጨበጡ። "እሺ ሳትይን አንቀመጥም አልናት። እሷም 'እናንተ አባቶቼ ቆማችሁ እኔ አልቀመጥም' አለችን። ሌላ ቃል አልወጣትም። ቆመች። እኛ ሦስት ነን፤ ከዘራ አለን፣ ሲደክመን ግድግዳ እንደገፋለን። እሷ ምሰሶውን እንኳ አልነካችም። እጇን አጣምራ፣ አቀርቅራ፣ ቆመች። ብንለምን ዝም፤ ብንመክር ዝም። ሁዳዴ ነው፤ እህል ባፉ የዞረ የለም። አባትሽ ደጅ ድንጋዩን ተሸክሞ ተንበርክኳል። እስከ ቀትር እንዲህ ሆንን።"

"ከዚያስ?" ያልኩት እኔ አይደለሁም፤ ሐጂ ናቸው።

"ከዚያማ አፈርኩ። ጎልማሳ ቄስ ነኝ፤ አንዲት ሴት ማስታረቅ አቃተው ልባል ነው። ወጣሁና ድንጋዩን ከአባትሽ አንገት ላይ አንሥቼ በራሴ አንገት ላይ አደረግኩ። ተሸክሜ ገባሁ፤ ፊቷ ተንበረከክሁ። ያን ጊዜ ደነገጠች። ካህን እግሯ ሥር ወድቆ እንዴት ቆማ ትይ! ተቀመጠች። እሺ አላለችም፣ ልጄ። ተቀመጠች እንጂ። እኛ ደግሞ መቀመጧን እንደ እሺታ ቆጥረን፣ መርቀን፣ እሱን አስገባንና ሄድን።"

"ድንጋዩ አሁንም አለ" አሉ ቀጥለው። "ከበራችሁ በስተግራ ያለው ነው።"

ያንን ድንጋይ አውቀዋለሁ። ጠፍጣፋ ነው፤ ጠዋት ጠዋት ፀሐይ ይመታዋል። ማንበብ የለመድኩት እሱ ላይ ተቀምጬ ነው። እናቴ እዚያ ስቀመጥ አይታ አንድ ቀንም ምን እንደሆነ አልነገረችኝም።

ያፈርኩትን ኀፍረት እንዴት ልንገራችሁ። አርባ ዓመት እናቴን ልበ ለስላሳ ናት ስል ኖርኩ። የልብ ወለድ ጸሐፊ ነኝ፣ የሰው ልብ አነባለሁ እላለሁ፤ አጠገቤ ለሠላሳ ዓመት በየቀኑ በተለየ ሳህን ሲቀርብ ያየሁትን እምቢታ ግን አላነበብኩትም። እናቴን የምታሸንፍ ሴት የፈጠርኩ መስሎኝ ነበር። የእናቴን ግማሽ እንኳ አልፈጠርኩም።

ግን ንዴቴ ገና አልበረደም ነበር። "ታዲያ ይህን እያወቁ" አልኳቸው፣ "ዛሬ እኔን እሺ በይ ሊሉኝ ለምን መጡ?"

ቄሱም መለሱልኝ። "ይቺኛዋም እሺ ካለች፣ ያኔ የሠራሁት ልክ ነበር ብዬ እንድሞት ነው።"

አንባቢ ለምን ዕርቅ እንደሚወድ፣ ለምን ሠርግ እንደሚወድ፣ ከዚያ ቀን በፊት እንዲህ የነገረኝ የለም። ሁሉም የየራሱን ድንጋይ ይዞ ነው የሚመጣው። ወፍጮ ቤት ክንዴን የያዘችኝ ሴትስ ማንን አስገብታ ነው? ወይስ ማንን መልሳ? ልጠይቃት ይገባኝ ነበር። አሳዘኑኝ፤ ቄሱም፣ እሷም። ግን ማዘን ሌላ ነው፣ ሠርግ መጻፍ ሌላ ነው። ይህን ልዩነት የተማርኩት በአንድ መጽሐፍ ዋጋ ነው፤ አልረሳውም።

እነሱ ቆመው እኔ ወንበሬ ላይ እንደተቀመጥኩ መሆኔ ትዝ አለኝ። ወረቀቱን አስቀምጬ ተነሣሁ። እጄን አጣመርኩ።

"አባቶቼ" አልኩ፣ "እናንተ ቆማችሁ እኔ አልቀመጥም።"

ቄሱ ቀና ብለው አዩኝ። ርዕሰ መምህሩ ሰዓታቸውን አዩ፤ ያስተማሯትን ልጅ ግትርነት ስለሚያውቁ ቢያዩ አይፈረድባቸውም። አራታችንም ቆምን። ውጭ የአህያ ጋሪ አለፈ፤ ጎረቤቴ ልጇን ተጣራች። እኔ ጉልበቴ ጤነኛ ነው፣ ሃምሳ ዓመቴ ነው፣ ጠዋት ቁርሴን በልቻለሁ። እናቴን እያሰብኩ ለመቆም ችግር አልነበረብኝም።

መጀመሪያ የተቀመጡት ሐጂ ናቸው። "እኔ ጉልበቴን ሪህ ይዞኛል" አሉ እየሳቁ። "ደግሞም ይቺ ልጅ አትሸነፍም። ሱብሐን አላህ፣ የሷስ እናት ምን ዓይነት ሰው ናት!" ቀጥለው ርዕሰ መምህሩ ተቀመጡ። ቄሱ ብቻቸውን ትንሽ ቆዩ። ከዚያ ከዘራቸውን ግድግዳው ላይ አስደግፈው፣ እሳቸውም ተቀመጡ።

"በሽምግልና ዘመኔ" አሉ፣ "እምቢ ተብዬ ስቀመጥ ይህ መጀመሪያዬ ነው።"

ሻይ አፈላሁ፣ የገብስ ቆሎ አቀረብኩ፣ ለርዕሰ መምህሩ ያቺን የደብረ ብርሃን አረቄ አወጣሁላቸው። ሐጂ ሴትዮዋ መጨረሻ ላይ ምን እንደምትሆን እንድነግራቸው ብዙ ለመኑኝ። ለሱቅ ደንበኞቻቸው ቀድመው ሊያወሩ እንደሆነ ስለገባኝ አልነገርኳቸውም።

አምስቱን ገጽ ጣልኩት። አልዋሽም፣ ሲጣል አመመኝ፤ ከጻፍኩት ሁሉ እንደዚያ የወደድኩት አልነበረም። በቦታው ሴትዮዋ ቆመች። ምንም አትልም፣ ትቆማለች። ሽማግሌዎቹ ይለምናሉ፣ እሷ ትቆማለች። ቀትር ሲሆን ታላቁ ሽማግሌ ደክሞት ይቀመጣል፤ ሌሎቹም ይከተላሉ። የዚያን ጊዜ ሴትዮዋ ወደ ደጅ ትወጣና ድንጋዩን በገዛ እጇ ከባሏ አንገት ላይ አንሥታ ከግድግዳው ሥር ታኖረዋለች። "ይቅር ብዬሃለሁ" ትለዋለች። "አሁን ሂድ።" ተመልሳ ትገባለች፤ በሩን ትዘጋለች።

መቆሙን ቄሱ ሰጡኝ። ይህ የመጨረሻው ግን የራሴ ነው፤ ይቅር ማለትና ማስገባት አንድ እንዳልሆኑ እናቴ በሳህን ነግራኝ ነበር፣ እኔ ዘግይቼ ሰማሁ እንጂ። ሐሙስ ጽሑፉን ሳስረክብ አዘጋጁ አነበበና፣ "ዕርቁስ?" አለኝ። "እሱ ነው ዕርቁ" አልኩት። ራሱን አከከ። ስልክ የሚያነሣው እሱ ስለሆነ አልፈረድኩበትም።

እሑድ አንኮበር ወጣሁ። ትረካውን እናቴ አጠገብ ሆኜ ልሰማ ነው። ሞገዱ እዚያ ላይ ይንኮሻኮሻል፤ እናቴ ግን ራዲዮኗን መስኮቱ ላይ በየት በኩል ብታስቀምጠው እንደሚሰማ ታውቃለች። ልገባ ስል በስተግራ ያለውን ድንጋይ አየሁት። ልቀመጥበት አልደፈርኩም።

እናቴ አልጋዋ ጫፍ ላይ ተቀምጣ ምስር ትለቅማለች። ሰባ አምስት ዓመቷ ነው፤ ዓይኗ ደከም ቢልም ጣቶቿ ጠጠሩን ያውቁታል። ያለፉትን ክፍሎች ሁሉ ሰምታለች። ስለ እነሱ ግን አንድ ቃል ተናግራኝ አታውቅም፤ "ድምፁ ጥሩ ነው" ከማለት በቀር። ትረካው ተጀመረ። ሽማግሌዎቹ፣ "እሺ ሳትይን አንቀመጥም" አሉ። ጣቶቿ ይሠራሉ። ከዚያ የተራኪው ድምፅ፣ "እናንተ አባቶቼ ቆማችሁ እኔ አልቀመጥም" አለ።

የእናቴ እጅ ምስሩ ውስጥ ቆመ።

እስኪያልቅ ድረስ አልተንቀሳቀሰችም። አንባቢ ፊት ፈርቼ አላውቅም፤ መድረክ ላይ ስንት ሺሕ ሰው ፊት አንብቤያለሁ። ያን ቀን ግን ፈራሁ። እሷን ሳላስፈቅድ አርባ ዓመት የዘጋችውን ነገር ለአገር ሁሉ አሰምቻለሁ። በሩ ተዘጋ፣ ትረካው አበቃ፣ የመዝጊያው ሙዚቃ ገባ። ስልኬ ኪሴ ውስጥ መንጫጫት ጀመረ፤ አላነሣሁትም።

እናቴ ራዲዮኑን ዘጋችው።

"ማን ነገረሽ?" አለችኝ።

"የንስሐ አባትሽ።"

"እሳቸው?" ፊቷ ላይ የሆነ ነገር መጥቶ ሄደ። "እስከ ስንት ሰዓት ቆመች አሉሽ?"

"እስከ ቀትር።"

"ቀትር!" ምስሩን ከፊቷ ገፋ አደረገችው። እናቴን እንደዚያ ተቆጥታ አይቻት አላውቅም። "ምን ቀትር? ሁዳዴ ነው፤ ቅዳሴ የወጣው እኔ ቆሜ ነው። ደወሉን በዚህ ጆሮዬ ሰምቼዋለሁ። ዘጠኝ ሰዓት ነው! እሳቸው ድንጋዩን የተሸከሙት ከዚያ በኋላ ነው።"

"እሳቸው ቀትር ብለው ነው የነገሩኝ፣ እማዬ።"

"ለሳቸው ቀትር ይሁንላቸው። ቀትር ላይማ ማን አይቆምም?" ምስሯን መልሳ ሳበችና መልቀም ጀመረች። ቀና ሳትል፣ "አሳንሰሽብኛል" አለችኝ። "የሚስተካከል ከሆነ አስተካክይው።"

አንባቢዎቼ በዚያ ልብ ወለድ ላይ ብዙ ነገር እንድለውጥ ጠይቀውኛል፤ ዛሬም ይጠይቁኛል። የወፍጮ ቤቷ ሴት አኩርፋኝ ከረመች። እኔ የለወጥኩት አንድ ነገር ብቻ ነው። በታተመው መጽሐፍ ውስጥ ሴትዮዋ የምትቆመው እስከ ዘጠኝ ሰዓት ነው።